የአንጎል ክርና የተደበቀው ልጅ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ አበው። ይህ ተረት ስለ ሰዎች ኅብረት ሲነገር ከሕፃንነታችን ጀምሮ እንሰማዋለን። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ስለ ሌላ ድር፣ ይኸውም በእያንዳንዳችን ራስ ውስጥ ስለ ተዘረጋው ድር ነው። ለዚህም ያነሣሣኝ የባዮሎጂ ትምህርት ብቻ ሳይሆን አንድ ልጅ ነው።

ሰፈሩን አልጠራም። በአንድ ቤት ሦስት ልጆች ብቻ ያሉ ይመስለን ነበር። አንድ ቀን የተዋስነውን ዕቃ ልመልስ ተልኬ ስገባ ግን አራተኛውን በጓዳው በር ላይ አየሁት። ዕድሜው ሰባት ወይም ስምንት ይሆናል፤ አይናገርም፤ ጣቶቹን በዐይኑ ፊት እያርገበገበ ይወዛወዛል። እናቱ በሩን ቶሎ ዘጋችና «አደራህን ልጄ፣ ለሰው እንዳታወራ» አለችኝ። የልጁን ማንነት ለማንም አላወራሁም፤ ወደ ፊትም አላወራም። የእናቱን ፍርሃት ምክንያት ሳልናገር ማለፍ ግን አልቻልሁም።

በጋሞ አባቶቻችን እምነት ወግን የጣሰ ሰው ጎሜ ያገኘዋል፤ ጎሜውም በራሱ ብቻ ሳይወሰን በቤተ ሰቡ ላይ ሊወርድ ይችላል ይባላል። ይህ እምነት ሰው እንዳይዋሽና እንዳይበድል ሲጠብቅ የኖረ ስለ ሆነ ልንንቀው አይገባም። ነገር ግን አንደበቱ ያልተፈታ ልጅ በታየ ቁጥር «ወላጆቹ ምን በድለው ይሆን?» የሚለው ሹክሹክታ እናትን በደለኛ፣ ልጅን እስረኛ ያደርጋል። በሌላውም ያገራችን ክፍል ስሙ እርግማን ወይም ልክፍት ይሆናል እንጂ ነገሩ አንድ ነው።

ስሕተቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም ኦቲዝምን እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ በጽሑፍ ከገለጠ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት ሊቃውንት የተባሉ ሰዎች ጥፋቱን በእናት ፍቅር ማነስ አሳብበውት ነበር። እንግዲህ እናትን መክሰስ የተማረውም ያልተማረውም የሠራው ግፍ ነው።

አሁን ሳይንስ ያገኘውን እንመልከት። የዶርዜ ሸማኔ ሲሠራ ያላየ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ድሩን ዘርግቶ፣ ማጉን በመወርወሪያ እያመላለሰ፣ የተበጠሰውን እየቋጠረ ጋቢውን ያወጣዋል። በአንጎል ውስጥ ግን ሸማኔ የለም፤ ክሩ ራሱ ጓደኛውን ፈልጎ መያያዝ አለበት። የሰው አንጎል ኒውሮን የሚባሉ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉት። እያንዳንዱም እንደ ክር የቀጠነ እጁን ዘርግቶ ከብዙ ሌሎች ጋር ይገናኛል፤ መገናኛው ስፍራ ሲናፕስ ይባላል። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት 20 ናኖሜትር ያህል ሲሆን ይህም የአንድ ሚሊሜትር ሃምሳ ሺሕኛ እጅ ነው።

በዚህ ክፍተት ላይ ሁለቱን ሕዋሳት አጨባብጠው የሚይዙት አያያዥ ፕሮቲኖች ናቸው። ዓይነታቸው ብዙ ነው፤ ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። መልእክት በሚልከው ሕዋስ ጫፍ ላይ ኒውሬክሲን፣ በሚቀበለው ላይ ኒውሮሊጂን አለ። ሥራቸውም መያዝ ብቻ አይደለም፤ ላኪው የመልእክት ኬሚካሉን በዚያ ስፍራ እንዲያከማች፣ ተቀባዩም መቀበያውን እንዲያሰናዳ ያደርጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ምርምር፣ ከኩላሊት በተገኙና ነርቭ ባልሆኑ ሕዋሳት ላይ ኒውሮሊጂን እንዲወጣ ቢደረግ፣ የነካቸው ነርቭ እንደ ዘመዱ ቆጥሮ የመልእክት መላኪያ ጫፍ ሠራላቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ሦስት ዓይነት ኒውሮሊጂን የሌላቸው አይጦች ሲወለዱ ሲናፕሳቸው ተሠርቶ ተገኘ፤ ነገር ግን መልእክቱን በሚገባ ስላላስተላለፈ ግልገሎቹ ወዲያው ሞቱ። መነካካት ብቻውን አይበቃም፤ መግባባት ያስፈልጋል ማለት ነው።

ለእኛ ጉዳይ ከሁሉ የሚበልጠው እ.ኤ.አ. በ2003 የተገኘው ነው። በስዊድን አገር በሁለት ቤተ ሰቦች ውስጥ ኦቲዝም ወይም ለእርሱ የቀረበ ሁኔታ ያለባቸው ወንድማማቾች ሲመረመሩ፣ ኒውሮሊጂን በሚሠራበት የዘር ጽሑፍ ላይ በአንደኛው ቤት አንዲት ፊደል ተለውጣ፣ በሌላኛው አንዲት ፊደል ተጨምራ ተገኘች። ከሦስት ቢሊዮን ፊደላት መካከል አንዲት! በርግጥ የኦቲዝም ሁሉ ምክንያት ይህ አይደለም፤ እስከ ዛሬ ከእርሱ ጋር የተያያዙ ብዙ ጂኖች ታውቀዋል፤ የኒውሮሊጂን ድርሻም ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ አንዲት ፊደል ብትዛነፍ ማን ይከሰሳል? ወግ የጣሰ ማን ነው?

«እንግዲያው ከተፈጥሮ ከሆነ ልጁን ማስተማር ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መልሱ ከዚያው ከአንጎል ይገኛል። የሲናፕስ ሥራ በልደት ቀን አያልቅም፤ በተለይ በልጅነት ዘመን የሚሠራበት ይጠነክራል፣ የማይሠራበት ይወገዳል። ስለዚህ ጨዋታ የማያይ፣ ሰው የማያናግረው ልጅ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ አንድ ጊዜ ከተፈጥሮ፣ አንድ ጊዜ ከእኛ።

ምስክር አናጣም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የኦቲዝም ልጅ እናት ሲሆኑ፣ ልጃቸውን በመደበቅ ፈንታ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው በጆይ የኦቲዝም ማዕከል የብዙዎችን ልጆች ከጓዳ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2021 ቢያርፉም ሥራቸው ሕያው ነው። ነገር ግን ለጨንቻና ለአርባ ምንጭ እናት አዲስ አበባ ሩቅ ናት።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። በከተማችን ዩኒቨርሲቲም የመምህራን ኮሌጅም አለ፤ እንዲህ ያሉትን ልጆች ማስተማር የሚችል መምህር በየትምህርት ቤቱ ቢመደብ አይበዛብንም። እኛም ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ልጅ በመንገድ ስናገኝ መሳቅን ትተን ሰላምታ እንስጠው።

ከሁሉ በፊት ግን ልመናዬ ለአገር ሽማግሌዎቻችን ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተቆጣው ወጣት ለበቀል ሲነሣ፣ እርጥብ ሣር ይዛችሁ ከፊቱ ተንበርክካችሁ የመለሳችሁት እናንተ ናችሁ። ለዚያ ቁጣ የበቃ ቃላችሁ ለዚህ ሹክሹክታ አያንስም። አባቶቼ ሆይ፣ በዱቡሻ ላይ ተቀምጣችሁ «ይህ ልጅ ጎሜ አይደለም፤ ልጃችን ነው» በሉልን። ያን ቀን የዚያች እናት በር ይከፈታል።