ፖስት ሮክ ጩኸት ብቻ አይደለም

«ፖስት ሮክ በሹክሹክታ ጀምሮ በጩኸት የሚያበቃ አንድ ቀመር ነው» የሚለው ሂስ የዘውጉን መነሻ ጨርሶ ይዘነጋል። የሙዚቃ ጋዜጠኛው ሳይመን ሬይኖልድስ በ1994 እ.ኤ.አ. ይህን ስም ያነሳው የባርክ ሳይኮሲስ ቡድንን «ሄክስ» ሲገመግም ነው፤ አልበሙ ደግሞ ወደ ጩኸት አይጣደፍም። ቶርቶይዝ የተባለው ቡድን በ1996 ያወጣው «ጄድ» የተሰኘ ሙዚቃ ከ20 ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ ሆኖም ጣሪያ ለመንካት አይንጠራራም። እንዲያውም መሃል ላይ ምቱ ይቆራረጣል፣ ይፈርሳል፣ ከፍርስራሹም ሌላ ሙዚቃ ይጀመራል። በእኔ ግምት ከዘመኑ ደፋር ውሳኔዎች አንዱ ይህ ነው።

«የኋለኞቹ ቡድኖችስ ያንኑ አይደጋግሙም?» ቢባል፣ ብዙዎቹ በርግጥ ይደጋግማሉ። የተከታዮችን ስንፍና ለጀማሪዎቹ ማሸከም ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ሃያሲው «ጄድ»ንም በዚያው ቀመር ከከሰሰ፣ ጩኸቱ ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንዳለ ያሳየን።