ጳጉሜን ምን አደረገቻችሁ?

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የማታ ትምህርት ቤት (ስሙ ይቅር) እንግሊዝኛ እማር በነበረበት ጊዜ አጠገቤ የሚቀመጥ አንድ የጋይንት ሰው ነበር። ቤተ ልሔም ሄዶ ድጓ ያስመሰከረ መሪጌታ ነው። ቤተ ልሔምን ለማታውቁ፣ በደቡብ ጎንደር ያለች የድጓ ምስክር ቤት ናት። የድጓ ተማሪ ዜማውን የትም ይማር የት፣ “አውቄአለሁ” ለማለት የእሷን ምስክርነት ይሻል።

አንድ ምሽት መምህራችን “ፔዳጎጂ” የሚል ቃል ሰሌዳው ላይ ጻፉና የእንግሊዝኛን ጥልቀት ያወድሱልን ጀመር። አማርኛ እንዲህ ያለውን ቃል ሊሸከም እንደማይችልም አከሉ። መሪጌታው እጁን አወጣ። “መምህር፣ ጳጉሜንም ከጽርዕ የመጣች ናት ይባላል፤ ይዛመዱ ይሆን?” ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህሩም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሰውየው በማግስቱ አልመጣም፤ ከዚያ ወዲያም አላየሁትም።

ጎበዝ፣ ሰውየው ልክ ነበር! ጳጉሜን “ኤፓጎሜናይ” ከተባለው የግሪክ ቃል የመጣች ናት። “ኤፒ” በላይ ማለት ነው፤ “አጎ” ደግሞ መምራት፣ ማምጣት። ከ12ቱ ወራት በላይ የመጡ 5 ቀናት፣ በ4 ዓመት አንዴ 6 የሚሆኑ። “ፔዳጎጂ” ውስጥ ያለውም ያው “አጎ” ነው፤ ፊቱ የቆመው “ፓይስ” ልጅ ማለት ነውና ልጅን መምራት ይሆናል። እንዲያውም በጥንቱ ግሪክ ፔዳጎግ የሚባለው አስተማሪው አልነበረም፤ ልጁን እያጀበ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ባሪያ ነበር። ይህን መምህራችን ቢሰሙ ኖሮ ምን ይሉ ይሆን?

ኤጲስ ቆጶስንም እንይ። “ኤፒ” ያው የጳጉሜኗ ነው፤ “ስኮፖስ” ተመልካች። ከላይ ሆኖ የሚጠብቅ ማለት ነው። ሩቁን የሚያሳየው ቴሌስኮፕ፣ ረቂቁን የሚያሳየው ማይክሮስኮፕ የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው። እርግጥ የእኛ ሰዎች ቃሉን ሲከፍሉት መገጣጠሚያውን ስተውት የ“ስኮፖስ”ን “ስ” ለ“ኤጲ” ሰጥተውበታል። ቢሆንም እንግሊዝኛ ያንኑ ቃል ፈጭቶ ፈጭቶ “ቢሾፕ” ነው ያደረገው። አጥንቱ ሳይሰበር የቆየው የትኛው አፍ ላይ ነው? ሲኖዶስና “ሜቶድ”ም በ“ሆዶስ”፣ በመንገድ፣ ይገናኛሉ።

ይህ ሁሉ ከእንግሊዝ በውሰት የመጣ አይደለም። የአክሱም ነገሥታት በገንዘባቸው ላይ ግሪክኛ ያስቀርጹ ነበር፤ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዓመት በግሪክኛም በግዕዝም ድንጋይ አስጽፏል። መጽሐፍ ቅዱስም ወደ ግዕዝ የተመለሰው ከግሪክኛ ነው። ኢዛና ድንጋዩን ሲያስጽፍ እንግሊዝኛ የሚባል ቋንቋ ገና ቅርጽ አልያዘም።

“እንግዲያውስ ግሪኩም ከእኛ ነው የወሰደው!” ብሎ የሚፎክርም አይጠፋም። ቃል በጆሮው እየመዘነ የዓለምን ቋንቋ ሁሉ ከግዕዝ የሚያስወልድ ጸሐፊ ሞልቷል። ከመምህራችን ሳቅ የእሱ ፉከራ የሚሻል አይመስለኝም። ይኸው ሰው ቤተ ልሔምን በጆሮው ቢፈታ “የላም ቤት” ይላታል፤ በግዕዝ ላም “ላህም” ናትና። ስሙ ግን ዕብራይስጥ ነው፤ የእንጀራ ቤት ማለት ነው። የቁርባኑ ኅብስት የሚሰናዳበት ቤት ቤተ ልሔም መባሉን የሚያውቅ አንድ ዲያቆን ቢጠይቅ ኖሮ አይሳሳትም ነበር። (“ዲያቆን”ም ግሪክ ነው፤ አገልጋይ።)

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። በሰሞነ ሕማማት ግን “ኪርያላይሶን” እያለች ስትሰግድ ኖራለች። ሙሉ የግሪክ ዓረፍተ ነገር ነው፤ “ጌታ ሆይ፣ ማረን።” “ኪሪዮስ” ጌታ ነው፤ ከእሱ “ኪርያኮን”፣ የጌታ የሆነ፣ ተባለ፤ እንግሊዞች “ቸርች” የሚሉት ከዚሁ ወጣ። እኛ ግን “ቸርች” የሚለውን ስድስት ፊደል እያስቆጠሩ ሲያስጠኑን “እናታችሁ የምትለውን ታውቁታላችሁ?” ያለን አልነበረም።

መምህራችን ዛሬም እያስተማሩ ከሆነ አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። “ፔዳጎጂ”ን ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ ጳጉሜንን አጠገቡ ይጻፉልኝ። ያ መሪጌታ የጠየቀውንም፣ መልስ ሳያገኝ መሄዱንም ይንገሩልኝ።