የዘነበውስ የት ገባ?

ምርት ባነሰ ቁጥር «ዝናብ አጠረ» እንላለን። እኔ ግን ሰቆጣና ላሊበላ ዙሪያ ያሉትን ተዳፋት ማሳዎች ሳይ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ የዘነበውስ የት ገባ? ጎርፍ መጀመሪያ የሚወስደው ላዩን፣ ብስባሽ ያለበትን አፈር ነው። ውሃ የሚይዘው ደግሞ እሱ ነበር። የቀረው ስስ አፈር ዝናቡ ትንሽ ካቋረጠ ይደርቃል፤ ማሽላው ፍሬ ሊይዝ ሲል ይጠወልጋል። እርጥበት ከሌለ ያ በውድ የተገዛ ዩሪያስ ምን ይሠራል?

ጥር ሲመጣ በዘመቻ እርከን እንሠራለን፣ ኪሎ ሜትሩን እንቆጥራለን (ሪፖርት ላይ ያምራላ!)፣ ከዚያ ከብት ለቀን እናስፈርሰዋለን። ኮንሶዎች እኮ እርከናቸውን እየጠገኑ፣ ከብቱን አስረው እየቀለቡ ነው ለዘመናት ያቆዩት። ልቅ ግጦሽ ካልቆመ ዘመቻው ለኔ ከንቱ ድካም ነው።

ቀበሌ ላይ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ እናንተ ጋ እርከኑ ስንት ክረምት ቆየ?