ጉልበተኛ ሞተር፣ ደካማ ዲፈረንሻል

የዚህ ወር ወጋችን ከወትሮው ወጣ ያለ ነው፤ የመኪና ዲፈረንሻል። «ይሄ የወንዶች ወሬ ነው» ብላችሁ ገጹን ልትገልጡት ያሰባችሁ እህቶች ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። እኔም እስካለፈው ኅዳር ድረስ እንደዚያ ነበር የማስበው።

የምንኖረው ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ነው። መኪናችን አሮጌ ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ደብል ጋቢና ናት። በሥራ ቀን ልጆቹን ትምህርት ቤት ታደርሳለች፤ ቡና ሲደርስ ደግሞ ከአማቴ ማሳ፣ ከጌራ፣ ጀንፈል ትጭናለች። የድሮው ሞተሯ አርጅቶ ዘይት መብላት ሲጀምር ምን እናድርግ አልን። አዲስ መኪና ከአቅማችን በላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን ማደስ የሚያዋጣ መሰለን። ባለቤቴ ያገለገለ ባለ 3 ሊትር ቱርቦ ሞተር አግኝቶ አስገጠመ። ውጤቱ ግሩም ነበር። ዳገት ላይ የምትንፈራፈረው መኪና አይሱዙዎችን እየቀደመች መውጣት ጀመረች።

ስድስት ወር ሳይሞላ ከኋላ በኩል «ኡኡ» የሚል ድምፅ መጣ። ፍጥነት ሲጨምር ይጨምራል፣ ሲቀንስ ይቀንሳል። «የጎማ ድምፅ ነው» ተባለ፤ ዝም አልን። በኅዳር አንድ ቅዳሜ ከጌራ ወደ አጋሮ በሚወስደው የጠጠር መንገድ ላይ፣ ከኋላ ጀንፈል ተጭኖ፣ ጋቢና ውስጥ ሁለቱ ልጆቻችን ተቀምጠው፣ ዳገት በቀስታ እየወጣን ሳለ መኪናዋ በቀኝ በኩል ዘንበል አለች። ወርደን ስናይ የቀኙ የኋላ ጎማ ከነፍሬን ታምቡሩና ከነዘንጉ ወደ ውጭ ተስቦ ወጥቷል። ቁልቁለት ቢሆን፣ ፍጥነት ቢኖረን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ላስበው አልፈልግም። የ7 ዓመቷ ልጃችን ግን አሰበችው፤ ያን ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሥታ «እማዬ፣ ጎማው ለምን ወጣ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ጥያቄ ነው።

ጉልበት ሲባዛ

መኪናዋን ያነሡልን አንድ አንጋፋ መካኒክ ናቸው፤ እኔ «ጋሼ» እያልኩ ነው የምጠራቸው። ገና ሳያዩት «ልጄ፣ በሬ ገዝታችሁ የጥጃ ቀንበር ጫናችሁበት» አሉኝ። ነገሩን በወረቀት አስረዱኝ፤ ሒሳቡም የሁለተኛ ክፍል ማባዛት ነው።

የሞተር የመጠምዘዝ ጉልበት በኒውተን ሜትር ይለካል። የድሮው ሞተራችን 200 ገደማ ይሰጥ ነበር፤ አዲሱ 343 ይሰጣል። ይህ ጉልበት ግን እንዳለ ጎማው ላይ አይደርስም፤ በመንገድ ላይ ይባዛል። ካምቢዮው በአንደኛ ማርሽ በ4 ያህል ያባዛዋል፤ ዲፈረንሻሉ ደግሞ እንደገና በ4 ያህል። ስለዚህ የድሮው 200 የኋላ ዘንጎች ላይ ሲደርስ 3,200 ነበር። አዲሱ 343 ግን 5,488 ሆኖ ይደርሳል። ካምቢዮው ቢለወጥም የኋላው ያው የድሮው ነው፤ ለ3,200 የለመደ ዘንግ 5,488 ተሸከም ተባለ።

እዚህ ላይ አንድ ማጽናኛና አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ማጽናኛው፣ ጎማው መሬት ቆንጥጦ ካልያዘ ዘንጉ ሙሉውን ጉልበት አይቀምስም፤ ጎማው ይሽከረከርና ይገላገላል። ማስጠንቀቂያው፣ ጭነት በበዛ ቁጥርና ጎማ በተለቀ ቁጥር መያዙ ይጨምራል። ባዶ መኪና በጭቃ ላይ ዘንጓን የመስበር ዕድሏ ትንሽ ነው። ጭነት ይዛ፣ በትልልቅ ጎማ፣ በደረቅ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን በድንገት የሚለቀቅባት መኪና ግን ሙሉውን ዱላ ትቀበላለች።

ጎማውን ማን ነው የያዘው?

እንደ እናት ከሁሉም በላይ የገረመኝ ይህ ነው። የኋላ ዲፈረንሻል ሁለት ዓይነት አሠራር አለው።

በአንደኛው፣ እንደኛ ሃይሉክስ ባሉት፣ ዘንጉ ሁለት ሥራ አለበት፤ ጎማውን ያዞራል፣ የመኪናውንም ክብደት ይሸከማል። ጎማው የታሰረው በቀጥታ ዘንጉ ጫፍ ላይ ነው። ዘንጉ ከተሰበረ ወይም ኩሽኔታውን የሚይዘው ቀለበት ከላላ ጎማው ከመኪናው ተለይቶ ሊሄድ ይችላል። የኛም የሆነው ይኸው ነው።

በሁለተኛው፣ አይሱዙ ላይና ጭነት በሚበዛባቸው ላንድክሩዘር 70ዎች ላይ የምታዩት፣ ክብደቱን የሚሸከመው የዲፈረንሻሉ ቤት ራሱ ነው። ጎማው በሁለት ኩሽኔታ እዚያ ላይ ተቀምጧል፤ ዘንጉ ማዞር ብቻ ነው ሥራው። ዘንጉ ቢሰበር መኪናው ይቆማል እንጂ ጎማው አይወጣም። መኪናው በጎማው እንደቆመ፣ ያለ ክሪክ፣ ብሎኖቹን ፈትቶ ዘንጉን ስቦ ማውጣት ይቻላል።

እናንተ ደጅ ያለው የትኛው ነው? ወጥታችሁ የኋላውን ጎማ መሀል ተመልከቱ። ከጎማው ብሎኖች ሌላ፣ መሀሉ ላይ ወደ ውጭ ወጣ ያለ ክብ ነገር በትንንሽ ብሎኖች ዙሪያውን ከታሰረ ሁለተኛው ዓይነት ነው። መሀሉ ጠፍጣፋ ከሆነ ምናልባት የመጀመሪያው ነው። የመጀመሪያው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለተሠራበት ጉልበትና ጭነት በቂ ነው። ችግሩ እኛ ልኩን ስናልፍ ነው። በአሜሪካ የድራግ ውድድር ደንብ እንኳ ፈጣን መኪኖች ዘንጉ ቢሰበር ጎማው እንዳይወጣ የሚይዝ ነገር እንዲገጥሙ ያስገድዳል።

ሦስቱ ምርጫዎች

የመጀመሪያው ምርጫ «ጠንካራ» የተባለ አዲስ ዘንግ መግዛት ነበር። አንድ ነጋዴ ካርቶኑን እያሳየ «ሄቪ ዲዩቲ ነው» አለን። እኔ በሙያዬ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ቃል ስንት ካርቶን ላይ እንዳጻፍኩ አውቃለሁ። ስለዚህ ቃሉን ትቼ ልኩን ጠየቅሁ። የዘንግ ጥንካሬ በውፍረቱ በጣም ይለወጣል፤ 30 ሚሊ ሜትር የነበረው 33 ሲሆን ብረቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ጥንካሬው በሲሶ ያድጋል። ውፍረቱ ካልተለወጠ ልዩነቱ በብረቱና በሙቀት አያያዙ ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ በዓይን ማየት አይቻልም። የቀረበልን ዘንግ ውፍረቱ ያው ነበር። ጎማውን የሚይዘውም ያው አሠራር ነው።

ሁለተኛው፣ የቱርቦ ሃይሉክስ ጠንካራ የመሀል ዲፈረንሻል ማስገባት ነበር። ይህ ኮሮናና ፒኞኑን ያጠነክራል፤ ዋጋውም መካከለኛ ነው። ግን የኛ የተሰበረው መሀሉ አልነበረም። ጋሼ «አንዱን ስታጠነክሪ ቀጣዩ ደካማ ይሰበራል፤ የት ቢሰበር እንደሚሻልሽ አስቀድመሽ ምረጪ» አሉኝ። ምርጫዬ ግልጽ ነበር፤ የትም ይሰበር፣ ልጆቼ ተቀምጠው ጎማው ግን አይውጣ።

ሦስተኛው ከአሮጌ ላንድክሩዘር 70 ሙሉውን የኋላ ዲፈረንሻል፣ ከነቤቱና ከነፍሬኑ፣ ማምጣት ነበር። ውዱ እሱ ነው፤ ሥራውም ብዙ ነው። ባለቤቴ አመነታ። ሁለት ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ ሶማሌ ተራ ሄደን ሦስተኛውን ገዛን።

ከመግዛታችሁ በፊት

እኛ በጥያቄ የተማርነውን እናንተ በነጻ ውሰዱት።

የጥርስ ቁጥሩን ቁጠሩ። ፊትም ኋላም የሚነዳ መኪና ከሆነ የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል ምጥጥን መስማማት አለበት። ኮሮናው 41፣ ፒኞኑ 10 ጥርስ ከሆነ 4.10 ነው፤ 37 እና 9 ከሆነ 4.11። እነዚህ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ የኛም እንዲያ ነው የሆነው። 4.1 ከ4.3 ጋር ከተጋባ ግን የፊቱን ስታስገቡ ሁለቱ ይጓተቱና አንዱ ይሰበራል።

የጎማ ብሎኑን ቁጠሩ። የኛ ሃይሉክስ ባለ 6 ነው። ላንድክሩዘር 70 ቀደምቶቹ ባለ 6፣ አዳዲሶቹ ባለ 5 ናቸው። ባለ 5ቱን ብናመጣ ኖሮ ለፊትና ለኋላ ሁለት የተለያየ ተቀያሪ ጎማ ይዘን ልንዞር ነበር።

ስፋቱን፣ የባሌስትራውን መቀመጫ፣ የፍሬን ቱቦውንና የእጅ ፍሬኑን ገመድ አስለኩ። ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ቤቱ መጣመሙን፣ ባሌስትራ የሚያርፍበት ቦታ ዙሪያ ስንጥቅ መኖሩን፣ የዘይት መዝጊያው ላይ የብረት ፍርፋሪ መጣበቁን እዩ። ዘንጉን አስወጥታችሁ ጫፉ ላይ ያሉትን ቦዮች ተመልከቱ፤ ቀጥ ብለው ካልሄዱና እንደ ገመድ ከተጠማዘዙ ያ ዘንግ ከአቅሙ በላይ ሠርቷል። የተሰበረ ዘንግ በብየዳ ተቀጥሎ በቶርኖ ተስተካክሎ ከቀረበላችሁ በርካሽም በነጻም አትውሰዱ፤ ብየዳው የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋዋል።

የዲፈረንሻሉን መተንፈሻ አስጠርጉ። በጅማ ክረምት ጭቃ ሲደፍነው ውስጡ የሞቀው አየር መውጫ ያጣና ዘይቱን በማገጃው በኩል ገፍቶ የፍሬን ሸራው ላይ ያፈስሰዋል። ትንሽ ነገር ናት፤ ፍሬን ግን ታሳጣለች።

ወረቀቱንም አትርሱ። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ የተመዘገበ ነው፤ ስትለውጡ አስመዝግቡ። የመድን ድርጅታችሁንም ቀድማችሁ አነጋግሩ።

የበጀት ነገር

ቢዝነስ የተማርኩ ሰው ሆኜ የሠራሁት ትልቁ ስሕተት የሒሳብ ነበር። የሞተሩን ዋጋ ስንተምን ዲፈረንሻሉን፣ ፍሬኑን፣ ፍሪሲዮኑን አልደመርንም። ርካሽ ያልነው ሞተር በመጨረሻ ርካሽ አልነበረም። ሞተር ልትለውጡ ካሰባችሁ ከሞተሩ እስከ ጎማው ያለውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ደምሩ። ድምሩ ካልተቻለ ጉልበቱን መቀነስ ይሻላል፤ መካከለኛ ሞተር በደህና ዲፈረንሻል ላይ፣ ጎበዝ ሞተር በደካማ ላይ ከመጫን ይበልጣል።

አሁን መኪናዋ ደህና ናት። ድምፅ የለም፤ ዳገቱንም ትወጣለች። ቢሆንም ጠንካራ ዲፈረንሻል የመኪናዋን የመጫን ልክ አያሳድግም፤ ፍሬንም አይሆንም። ስለዚህ በቤታችን አዲስ ሕግ ወጥቷል፤ ልጆች ባሉበት ጀንፈል አይጫንም። ጀንፈሉ በኪራይ አይሱዙ ይሄዳል፤ አማቴም «ይሻላል» ብለው ተስማምተዋል።

ልጄ ግን አሁንም አጋሮ ስንደርስ ትወርድና የቀኙን የኋላ ጎማ በእጇ መታ መታ ታደርጋለች። «አለ» ትለኛለች፤ ተሳፍራ ጉዞ እንቀጥላለን። እናንተም ዛሬ ማታ መኪናችሁን ስታቆሙ አንዴ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ደህና ሁኑልኝ።