«እሺ» ስንል የማንን አድራሻ ነው የምንሰጠው?

አዲስ አፕ ስትከፍቱ «ጓደኞችዎን እንፈልግልዎ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አብዛኞቻችን ሳናነብ «እሺ» ብለን እናልፋለን። ግን በዚያች አንዲት ንክኪ የምንሰጠው የራሳችንን መረጃ ብቻ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ኢሜይል ማን እንደላከው፣ ለማን እንደተላከና ኮፒ ለእነማን እንደደረሰ ከላዩ ላይ ተጽፎበታል። ኮምፒውተር ይህን ከሺህ የቆዩ መልዕክቶች ላይ ቶሎ ለቅሞ፣ የተደጋገመውን ጥሎ፣ ስምና አድራሻ አጣምሮ ዝርዝር ያወጣል። ከማን ጋር አዘውትራችሁ እንደምትጻጻፉም ቆጥሮ ያውቃል።

ይሄ በራሱ ክፉ አይደለም። ጂሜይል ላይ ሁለት ፊደል ስትጽፉ አድራሻው ሞልቶ የሚመጣው አንዴ የጻፋችሁለትን ሰው መዝግቦ ስለሚያስቀምጥ ነው። ችግሩ ዝርዝሩ ከእጃችሁ ሲወጣ ነው።

ሁለት የታወቁ ጉዳዮች እንይ፦

👉 ፌስቡክ፦ ለማረጋገጫ በሚል ከአንዳንድ አዲስ ተመዝጋቢዎች የኢሜይል ፓስወርዳቸውን ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2019 ላይ፣ ከሜይ 2016 ጀምሮ የ1.5 ሚሊዮን ተጠቃሚዎችን የኢሜይል አድራሻ ዝርዝር ሳላስበው ወስጃለሁ ብሎ አመነ፤ እያጠፋሁት ነውም አለ። ልብ በሉ፦ 1.5 ሚሊዮን የባለ ዝርዝሮቹ ቁጥር ነው። በየዝርዝሩ ውስጥ ያለው ሰው አልተቆጠረም።

👉 ሊንክድኢን፦ ተጠቃሚዎች አድራሻዎቻቸውን ሲያስገቡ ለእነዚያ ሰዎች በተጠቃሚው ስም ግብዣ ይላክ ነበር። ግብዣውን ያልተቀበለ ሰው ማስታወሻ ይደጋገምበታል። «ይሄን አልፈቀድንም» ያሉ ተጠቃሚዎች ከሰሱ፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2015 ጥፋቱን ሳያምን 13 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

በሁለቱም ጉዳይ ዋናው ጥያቄ አንድ ነው። «እሺ» ያልነው እኛ ነን፤ አድራሻው ግን የመምህራችን፣ ሲቪ የላክንለት ቀጣሪ፣ ውጭ ያለች እህታችን ነው። እነሱን ማንም አልጠየቃቸውም።

በሀገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰው መረጃ ላይ ለመሥራት የባለቤቱ ፈቃድ ወይም ሌላ ሕጋዊ ምክንያት ያስፈልጋል ይላል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ጥሩ ጅምር ነው። ግን ሕጉ ስልካችሁ ላይ መጥቶ «አይ» አይልላችሁም።

ስለዚህ፦
✅ የኢሜይል ፓስወርዳችሁን ለሚጠይቅ ሌላ አፕ በፍጹም አትስጡ። ማረጋገጥ ከፈለገ ኮድ ይላክላችሁ።
✅ ጎግል አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ ፈቃድ የሰጣችኋቸውን አፖች እዩ፤ የማትጠቀሙበትን ሰርዙ።
✅ ለብዙ ሰው አንድ ኢሜይል ስትልኩ አድራሻዎቹን «ቢሲሲ» የሚለው ቦታ ላይ አስገቡ። አንዱ የሌላውን አያይም።

የጓደኛችሁን ስልክ ቁጥር ለማታውቁት ሰው ከመስጠታችሁ በፊት «ልስጠው?» ብላችሁ ትጠይቁ የለ? አፕም ሲጠይቃችሁ ያው ነው።

እናንተስ ስንት አፕ ላይ «እሺ» ብላችኋል? ኮሜንት ላይ ንገሩን።