መዝገቡ ደመና ላይ ቢወጣም ቁልፉ ከነጋዴው እጅ አይውጣ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው ምሳሌ ለደብተራና ለጸሐፊ ብቻ የተነገረ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ የንግድን ሥራ ጠባይ ገና ያልመረመረ ነው። ይህ ቃል ከማንም ይልቅ ለነጋዴ ይስማማዋል። የነጋዴ ሀብት በመጋዘን የተከመረው ጆንያና በባንክ የተቀመጠው ገንዘብ ብቻ አይደለምና። ማን በቃሉ እንደሚያድር፣ ማን ዕዳውን እንደሚያዘገይ፣ ማን ንጹሕ ቡና እንደሚያቀርብ፣ ማንስ እርጥቡን ከደረቁ እንደሚቀላቅል ለይቶ ማወቅ ራሱን የቻለ ሀብት ነው።

የሄርማታ ገበያ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (እ.ኤ.አ. 1878-1932) በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከታወቁት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። በየሐሙሱ ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱና አሞሌው ይገናኝበት ነበር። ሲራራ ነጋዴው በቅሎውን እየነዳ ከሩቅ አገር ሲመጣ ከጭነቱ ጋራ ይዞት የሚመጣው ይኸው ስለ ሰው ያለው ዕውቀት ነበር። ዕውቀቱንም በራሱ ውስጥ ያኖረዋል፤ ልጁን በመንገድ እያስከተለ በቃል ያስተምረዋል። ነገር ግን ነጋዴው በድንገት የሞተ እንደ ሆነ የንግዱ እኩሌታ ከእርሱ ጋራ ይቀበር ነበር።

ዛሬ በቅሎው ቀርቶ የጭነት መኪናው፣ አሞሌው ቀርቶ ቴሌብሩ መጥቷል። ይሁን እንጂ ያ የጥንቱ ዕውቀት የሚቀመጥበት ስፍራ እጅግም አልተለወጠም። ባለ ሱቁ ዱቤውን የሚጽፍበት ደብተር ከመደርደሪያው ሥር ጠርዙ ተበልቶ ይገኛል። ቡና አቅራቢው የገበሬዎቹን ስም በእጅ ስልኩ ይዟል፤ ስልኩ ቢከፈትም «አባ ቢያ» የሚል ስም ስድስት ጊዜ ይገኛል፤ የትኛው የጎማ፣ የትኛው የጌራ እንደ ሆነ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ላኪው ደግሞ ከጅዳና ከሐምቡርግ ገዢዎች ጋራ የተጻጻፈው ሁሉ በአንድ ሠራተኛ የግል ስልክ ውስጥ ነው። ሠራተኛው ሥራውን የለቀቀ፣ ስልኩ የተሰረቀ ወይም ባለቤቱ የታመመ እንደ ሆነ፣ ቤቱ ተዘግቶ እንደ ተከፈተ አዲስ ሱቅ ከሀ ብሎ ይጀምራል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆን ዘንድ በዓለም ላይ የተስፋፋው ዘዴ የደንበኞች ግንኙነት አያያዝ፣ በአጭሩ ሲአርኤም የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ይህም በሌላ ስፍራ በተተከለ ታላቅ የኮምፒዩተር ማዕከል ተቀምጦ በኢንተርኔት የሚሠራበት ሲሆን «ክላውድ»፣ ማለትም ደመና፣ ይባላል። ቀድሞ ሶፍትዌር የሚሸጠው በዲስክ ተቀድቶ ነበር፤ ገዢውም በራሱ መሣሪያ ላይ ይጭነዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በሳን ፍራንሲስኮ የተቋቋመው ሴልስፎርስ የደንበኛ መዝገብን በኢንተርኔት ማከራየት ጀመረ። አማዞን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 የኮምፒዩተርን ኃይልና ማከማቻ ለማንም ፈላጊ በኪራይ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ትንሹ ሱቅ እንኳ ታላቁ ኩባንያ በሚሠራበት መሣሪያ በወርኃዊ ክፍያ ለመሥራት ተቻለው።

ነገሩ ለጅማ ነጋዴ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ቡናውን ለኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን አስረክቦ፣ ተመዝኖና ደረጃው ወጥቶ ደረሰኝ የተቀበለ ሰው፣ ጆንያውን ተሸክሞ አዲስ አበባ ሳይወርድ እንደሚሸጥ ያውቃል። ክላውድም እንደዚሁ የመዝገብ መጋዘን ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ቡና ከመጋዘን ከወጣ መጉደሉ ይታያል፤ መዝገብ ግን ተቀድቶ ቢወጣ ባለቤቱ ሳያውቀው ሊቀር ይችላል። ይህ ልዩነት ኋላ ለሚነገረው ነገር መሠረት ስለሆነ በልብ ይያዝ።

ጥቅሙ ምንድን ነው የተባለ እንደ ሆነ፣ ለሦስቱም ዓይነት ነጋዴ በየመልኩ ነው። ቆርቆሮና ጨርቅ የሚያስመጣው ነጋዴ የአጋሮው ባለ ሱቅ በየትኛው ወር ምን ያህል እንደሚወስድ ከመዝገቡ ቢያይ፣ የማይፈለገውን ዕቃ በውጭ ምንዛሪ አስመጥቶ መጋዘን ከማጨናነቅ ይድናል። ባለ ሱቁ የዱቤው ቀን ሲደርስ ለባለ ዕዳው አክብሮት ያለው የማስታወሻ መልእክት ይደርስለታል፤ ወዳጅን በገበያ መካከል ዕዳ ጠይቆ ከማሳፈርም ይተርፋል። ላኪው ደግሞ ናሙና መቼ እንደ ላከ፣ ገዢው ስለ ጣዕሙ ምን እንደ መለሰ፣ ዋጋው በስንት እንደ ተቆረጠ በአንድ ገጽ ያገኘዋል።

በዚህ ላይ ከአንጋፋ ነጋዴዎች አንድ ተቃውሞ ይሰማል፤ ይኸውም «ንግድ በመተያየትና በመተማመን እንጂ በመሣሪያ አይሆንም» የሚል ነው። ተቃውሞው ክብር ይገባዋል፤ እውነትም አለበት። ነገር ግን ገንዘብ በእጅ ካልተቆጠረ አይታመንም ይል የነበረው ሰው፣ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. በግንቦት ወር ከተጀመረ ወዲህ በስልክ ይቀበላል፤ መተማመኑም አልፈረሰም። መዝገብ መተማመንን አይተካም፤ የተሰጠውን ቃል ከመርሳት ይጠብቃል። ለደንበኛው «ባለፈው ጥቅምት የወሰዱት ዕቃ እንዴት ሆነልዎ?» ብሎ የሚጠይቅ ነጋዴ ከመሣሪያ የተማረውን በሰውነት ይናገራል።

በአንጻሩ ወጣቶቹ፣ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር የቀድሞውን ደብተር ወደ እሳት ለመወርወር የሚቸኩሉት፣ ሦስት ነገሮችን ሊያስቡ ይገባቸዋል።

1ኛ፤ መስመሩ ይቋረጣል። በ2012 ዓ.ም. ከሰኔ 23 ቀን ጀምሮ በመላው አገር ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ መዝገቡን ሁሉ ደመና ላይ ያኖረ ነጋዴ ቢኖር፣ ደንበኛው በፊቱ ቆሞ ዕዳው ስንት እንደ ሆነ ሊነግረው ባልቻለም ነበር። ስለዚህ መስመር በሌለበትም የሚሠራ፣ ሲመለስም ራሱን የሚያስተካክል ሶፍትዌር መምረጥ ይሻላል፤ በየሳምንቱም በወረቀት ወይም በራስ ኮምፒዩተር ላይ ግልባጭ ይያዝ።

2ኛ፤ ደመና የሚባለው ስም ያታልላል እንጂ መዝገቡ ያለው በምድር ላይ በተሠራ ቤት ውስጥ ነው፤ ቤትም ይቃጠላል። በመጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ ኦቪኤች የተባለው ታላቅ ኩባንያ ካሉት የዳታ ማዕከሎች አንዱ በእሳት ወደመ። በሌላ ስፍራ ግልባጭ ያኖሩት ደንበኞች ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ያላኖሩት ግን መዝገባቸው ሳይመለስ ቀረ። እሳት በገበያ ሲነሣ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ የመርካቶ ነጋዴ ለዚህ ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

3ኛ፤ ኪራዩ በዶላር ነው። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለአምስት ሠራተኞች በወር 100 ዶላር የሚከፍል ቤት ቢኖር፣ ቀድሞ 5,700 ብር ይበቃው የነበረው ከ10,000 ብር በላይ ሆኖበታል። ክፍያው ሲቋረጥ ደግሞ መዝገቡ ይዘጋል። እንግዲህ በብር የሚከፈልበትን የአገር ውስጥ አገልግሎት አስቀድሞ መመርመር ብልኅነት ነው፤ በአዲስ አበባም በአይሲቲ ፓርክ የዳታ ማዕከሎች ተሠርተዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ግን የሚበልጠው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም የመዝገቡ ባለቤት ማን ነው የሚለው ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋን የሚከለክለው ደንብ፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ማብቂያ በኋላ በተመነጠረ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ያዝዛል። ቡናው የበቀለበት ማሳ በካርታ ላይ ያለው ስፍራ እንዲገለጥም ይጠይቃል፤ ከ4 ሄክታር ለሚበልጥ ማሳ ዙሪያው በሙሉ፣ ለሚያንሰው ግን አንድ ነጥብ ይበቃል። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም፣ ዝግጅቱ ግን የሚቀር አይደለም። በሊሙ፣ በጎማ፣ በማናና በጌራ ያለው ገበሬ ስሙና ማሳው ሊመዘገብ ግድ ነው።

የሚያሳስበው ነገር ከዚህ ይጀምራል። ይህን ምዝገባ የውጭው ገዢ በራሱ ወጪ፣ በራሱ ሶፍትዌር አድርጎ «እናንተ አትድከሙ» ብሎ ቢያቀርብ፣ ስጦታው ደስ ያሰኛል። ነገር ግን የገበሬው ስም፣ የማሳው ስፍራ፣ የሚያቀርበው የእሸት ቡና ልክና ጥራት ሁሉ በገዢው መዝገብ ውስጥ ገብቶ ለአቅራቢው ግልባጭ ያልተሰጠው እንደ ሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት አቅራቢው ምን ይዞ ይደራደራል? ሌላ ገዢ የተሻለ ዋጋ ቢሰጥ፣ የማሳውን ማስረጃ ከየት ያመጣል? አባቶች በብዙ ድካም የሰበሰቡት ስለ ሰው ያለ ዕውቀት በነጻ ተላልፎ ይሰጣል ማለት ነው። በራሱ ቡና ላይ ተራ ተሸካሚ ሆኖ መቅረት ለሄርማታ ነጋዴ የሚገባው ዕጣ አይደለም።

ደግሞም መዝገቡ የነጋዴው ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን የግል መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ለሕጋዊ ዓላማ እንዲሰበስብ፣ በጥንቃቄ እንዲይዝና ባለ መረጃውም መብቱ እንዲጠበቅለት ያዝዛል፤ ወደ ውጭ አገር በሚተላለፍበትም ጊዜ ቅድመ ሁኔታ ያደርጋል። ስለዚህ ገበሬው ስሙና ማሳው ለምን እንደሚጻፍ በሚያውቀው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ የሕግ ዕውቅና ሰጥቶታል። እንግዲህ በደንብ የተያዘ መዝገብ በክርክርም ጊዜ ረዳት ነው፤ ያለ ደንብ የተያዘው ግን በያዘው ላይ ይመሰክርበታል።

ሶፍትዌሩ ከመመረጡ በፊት ሊታዩ የሚገባቸው፣ ትንሽ የሚመስሉ ነገር ግን ሥራ የሚያበላሹ ጉዳዮችም አሉ። በባዕድ አገር የተሠራው መዝገብ «የቤተሰብ ስም» እያለ ይጠይቃል፤ በኢትዮጵያ ግን የሚጻፈው የአባት ስም ስለሆነ፣ አባታቸው መሐመድ የሆኑት ሁሉ እንደ አንድ ቤተ ሰው ተሰልፈው ይገኛሉ። «ኃይሌ» እና «ሀይሌ» ተብሎ የተጻፈ አንድ ደንበኛ ሁለት ሰው ይሆናል። የዱቤው ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተነግሮ በፈረንጅ አቆጣጠር ከተመዘገበ፣ ወዳጅ ያለ ቀኑ ዕዳ ይጠየቃል። ስለዚህ አስቀድሞ ደብተሩን ማጥራት፣ የስም አጻጻፉን አንድ ማድረግ፣ ለእያንዳንዱም ደንበኛ ቁጥር መስጠት ይበጃል። የተዘበራረቀ ደብተር ደመና ላይ ቢወጣ የተዘበራረቀ ደመና ከመሆን በቀር የሚያተርፈው የለም።

ከሻጩም ጋራ ውል ሲደረግ አራት ቃሎች ሳይጻፉ መፈረም አይገባም። እነዚህም መዝገቡ የነጋዴው ሀብት መሆኑ፤ በተጠየቀ ጊዜ ሁሉ በሌላ ሶፍትዌር ሊነበብ በሚችል መልክ ግልባጩ እንደሚሰጥ፤ ክፍያ ቢቋረጥ መዝገቡ ከመደምሰሱ በፊት የሚጠበቅበት ጊዜ፤ ውሉም ሲያበቃ በሻጩ ዘንድ የቀረው ሁሉ እንደሚጠፋ ናቸው። በቤት ውስጥም የመግቢያው ምስጢር ቃል በአንድ ሠራተኛ እጅ ብቻ አይሁን፤ እያንዳንዱ በየስሙ ይግባ፤ ሲለቅም በዚያው ዕለት ይዘጋበት።

አንድ ባለ ሱቅ ብቻውን ከታላቅ ኩባንያ ጋራ ቢከራከር የሚሰማው እንደማያገኝ የታወቀ ነው። ነጋዴዎች በንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የሚሰበሰቡት ግን አንዱ ለብቻው የማይችለውን በአንድነት ለማድረግ ነው። እንግዲያው ምክር ቤቱ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ የውል አብነት ቢያዘጋጅ፣ ለብዙ አባሎች በአንድነት ዋጋ ቢደራደር፣ ለጸሐፊዎችና ለሒሳብ ሠራተኞችም የጥቂት ቀን ትምህርት ቢሰጥ፣ የቡናው መልቀሚያ ወራት ሳይገባ ብዙ ቤት ሊዘጋጅ ይችላል።

ሲራራ ነጋዴው ጭነቱን ለበቅሎ ያስጭን ነበር እንጂ መንገዱን ለበቅሎ አይተውም ነበር። የዛሬውም ነጋዴ መሣሪያውን ይከራይ፤ መዝገቡን ግን አያከራይ። ይህን የጠበቀ ቤት ባለቤቱ ቢያልፍ ልጁ ይወርሰዋል፤ ያልጠበቀውን ግን ሌላ ይወርሰዋል።