ላልፈለጉት ነገር መክፈል እስከ መቼ?

ሽሮ በልቶ የጨረሰ ሰው ሂሳቡ ላይ ያልጠጣው ቢራ ቢደመርበት ዝም ብሎ አይከፍልም። አዲስ ላፕቶፕ ሲገዛ ግን ሳያጉረመርም ይከፍላል። ዊንዶውስ ተጭኖ ይመጣል፤ ዋጋው ከማሽኑ ዋጋ ጋር ተቀላቅሏል። ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ቤቱ እንደገባ ያጠፋዋል፤ ገንዘቡ ግን ሄዷል።

ነገሩ የቆየ ነው። ማይክሮሶፍት በአንድ ወቅት ብዙ አምራቾችን የሚያስከፍለው በሸጡት ኮምፒውተር ቁጥር ልክ ነበር። የእሱ ሶፍትዌር ተጫነም አልተጫነም ክፍያው አይቀርም። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1994 በተደረሰ ስምምነት ይህን ውል አስቀረ። ውሉ ቢቀርም ልማዱ አልቀረም።

ፍርድ ቤቶችም አንድ ቋንቋ አልተናገሩም። የጣሊያን ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት በ2014 ገዢው ላፕቶፑን ይዞ የማይፈልገውን ሶፍትዌር ዋጋ ብቻ ማስመለስ ይችላል አለ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደግሞ በ2016፣ በፈረንሳይ አንድ ገዢ ከሶኒ ጋር በተካሰሰበት ጉዳይ፣ አጣምሮ መሸጥ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ የእያንዳንዱን ፕሮግራም ዋጋ ለይቶ አለመናገርም ማሳሳት አይደለም ሲል ወሰነ።

በዚያው በጣሊያን፣ ሞንዛ ውስጥ፣ ሌኖቮ 42 ዩሮ አልመልስም ብሎ ተሟገተ። በመጨረሻ ገዢውን በክርክር ስላንገላታ 20,000 ዩሮ እንዲከፍል በ2020 ተፈረደበት።

«አብዛኛው ሰው ዊንዶውስ ይፈልጋል፤ ባዶ ማሽን ለማን ይጠቅማል?» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ግን ጥያቄው ለምን ተጫነ አይደለም። ጥያቄው ዋጋው ለምን ተደበቀ፣ አልፈልግም ያለው ሰውስ ለምን ይከፍላል ነው።

ለ42 ዩሮ ብሎ ችሎት የሚመላለስ ስንት ሰው ይገኛል? ጥቂት ነው፤ ሻጮቹም ይህን ያውቃሉ። ከእያንዳንዱ ገዢ የሚወሰደው ትንሽ ስለሆነ ማንም አይጮህም፤ ሲደመር ግን ትልቅ ገንዘብ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ይባላል። ይህን ሸክም ለአንድ ከሳሽ ጥሎ መመልከት ፍትሕ አይደለም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ማሽኑ ይህን ያህል፣ ሶፍትዌሩ ይህን ያህል ተብሎ ለየብቻ ይጻፍ። የፈለገ ሁለቱንም ይግዛ፤ ያልፈለገ አንዱን ይተው።

እስከዚያው ገዢው አፍ አለው። ከመክፈሉ በፊት «ያለ ዊንዶውስ የሚሸጥ አለ? ዋጋውስ?» ብሎ ይጠይቅ። ጠያቂ ሲበዛ ሻጭ መልስ ማዘጋጀቱ አይቀርም።